የጥርስ ልክ ምን ያህል ልክ ነው?

መለካት የሳይንስ ሁሉ መነሻ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ መለካት ሲባል ወደ አእምሯችን ቀድመው የሚመጡት ማስመሪያ፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ቢበዛም በቤተ ሙከራ ያየነው ቨርኒየር ካሊፐር ናቸው። አንድ የጥርስ ሐኪም ለስላሳ ሊጥ የሞላበትን ትሪ በታካሚው አፍ ውስጥ አስገብቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲይዝ እያከናወነ ያለው ተግባር ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀ ልኬት መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ልክ ወስዶ ጨርቁን እንደሚቆርጥ ሁሉ የጥርስ ሐኪምም የጥርስን ልክ ወስዶ ክራውን ያሠራል። ልዩነቱ ልብስ ሰፊው በሁለትና በሦስት ሚሊሜትር ቢሳሳት ሱሪው ይለበሳል፤ ሐኪሙ የሚሠራው ግን በሚሊሜትር ሺህኛ፣ ማለትም በማይክሮሜትር በሚቆጠር ዓለም ውስጥ ነው።

ማንኛውም ልኬት ስህተት አለው። ጥያቄው ስህተቱ ምን ያህል ነው፣ ከየት ይመጣል፣ ሊታረምስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለክራውን ሥራ የሚወሰደውን የጥርስ ልክ በዚህ ዓይን እንመረምራለን። የምናቀርበው አስተያየትም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ የልክ አወሳሰዱ ትልቁ ድክመት ዛሬ በቁሶቹም ሆነ በመሣሪያዎቹ ላይ ያለ አይደለም፤ የሚለካው ጠርዝ በሚገባ ሳይታይ ልክ መወሰዱና ጉድለት ያለበት ልክ ሳይጣል ወደ ሥራ መግባቱ ነው። ይህን ሳያርሙ ውድ መሣሪያ መግዛት ስህተቱን በፍጥነት ከመድገም ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

ከተሞረደ የማይመለስ አካል

ክራውን በመበስበስ፣ በስብራት ወይም ከሥር ሕክምና በኋላ የተዳከመን ጥርስ እንደ ቆብ ዙሪያውን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ አካል ነው። ከወርቅ ወይም ከሌሎች ብረቶች ቅይጥ፣ ከፖርሴሊን፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ ዚርኮኒያ ከተባለው ጠንካራ ሴራሚክ ይሠራል። ቆቡ ማረፊያ ያገኝ ዘንድ ሐኪሙ የጥርሱን ዙሪያና አናት እንደ ክራውኑ ዓይነት በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ሞርዶ ይቀንሳል።

ጉዳዩን ክብደት የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል፣ በሰውነታችን ካሉት ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ነው። ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ድዱን አልፎ ብቅ በሚልበት ጊዜ ስለሚጠፉ ሰውነት ዳግመኛ ሊሠራው አይችልም። አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፤ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ የተሞረደ ጥርስ ግን እንደተሞረደ ይኖራል። ስለዚህ ክራውን ለመሥራት የተስማማ ታካሚ የማይመለስ ነገር ሰጥቷል ማለት ነው። በምትኩ የሚጠብቀው ቆቡ በትክክል ገጥሞ የቀረውን ጥርስ እንዲጠብቅለት ነው።

ቆቡ በትክክል ካልገጠመስ? በክራውኑ ጠርዝና በጥርሱ መካከል ክፍተት ይቀራል። የጥርስ መበስበስን ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ስፋቱ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። የ100 ማይክሮሜትር ክፍተት፣ ማለትም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም የማይርቅ ስንጥቅ፣ ለዚህ ፍጡር ሰፊ በር ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ማጣበቂያ ሲሚንት በምራቅና በምግብ አሲድ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ይችላል። ሻካራው ጠርዝም ቆሻሻ ስለሚያከማች ድዱ ይቆጣል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ጥርሱ ቀደም ሲል የሥር ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ነርቭ ስለሌለው አለማመሙ ነው። መበስበሱ በቆቡ ሥር ተደብቆ ለዓመታት ሊገፋ ይችላል። ራጅም ቢነሣ የብረቱ ጥላ ብዙውን ነገር ይሸፍናል፤ በግልጽ የሚታየውም በጎንና በጎን ያለው ጠርዝ እንጂ የፊቱና የኋላው አይደለም። ታካሚው ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ክራውኑ ከነጥርሱ ጉማጅ ተነቅሎ በእጁ ሲገባ ነው።

ከጄሶ እስከ ሲሊኮን

ልክ የመውሰድ ሐሳብ ቀላል ነው። ለስላሳ ቁስ በጥርሱ ላይ ይጫናል፤ ሲጠነክር ይወጣል፤ በውስጡ የቀረው ጎድጓዳ ቅርጽ የጥርሱ ግልባጭ ይሆናል። በጎድጓዳው ውስጥ የጄሶ ሊጥ ሲፈስስ ጥርሱን የሚመስል ቅጂ ይገኛል። ክራውኑን የሚሠራው ባለሙያ ታካሚውን አይቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቅጂውን ብቻ ነው። ቅጂው ከዋሸ ባለሙያው የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ክራውኑ መዋሸቱ አይቀርም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልክ የሚወሰደው በሰምና በራሱ በጄሶ ነበር። ጄሶ ሲደርቅ ስለማይለጠጥ ጥርሶቹ ታችኛው ክፍላቸው ጠበብ ያለ በሆነ ጊዜ ሊወጣ አይችልም፤ በአፍ ውስጥ ተሰብሮ ስባሪው ከውጭ እንደገና ይገጣጠም ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር ሲመጣ ተለጥጦ የሚመለስ ቁስ ተገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ዋነኛዋ የአጋር ምንጭ ጃፓን ስለነበረች አቅርቦቱ ሲቋረጥ፣ ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት ተስፋፋ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፖሊሰልፋይድና ኮንደንሴሽን ሲሊኮን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ፖሊኢተር፣ በ1970ዎቹ ደግሞ አዲሽን ሲሊኮን የተባሉት ሰው ሠራሽ ላስቲኮች ተከታትለው ወጡ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ለአንድ ቁም ነገር ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቁስ የቀደመውን ጉድለት አስወግዶ የራሱን ጉድለት ይዞ መጥቷል። አልጂኔት ርካሽና ምቹ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ውኃው ተንኖ ይኮማተራል፤ በውኃ ከተነከረ ደግሞ ጠጥቶ ያብጣል። በዚህም የተነሣ ልኩ እንደወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጄሶ ሊፈስስበት ይገባል። ኮንደንሴሽን ሲሊኮን ሲጠነክር የአልኮል ሞለኪውሎችን ይለቅቃል፤ አልኮሉ ሲተን ቁሱ ይሟሽሻል። አዲሽን ሲሊኮን ሲጠነክር ተረፈ ምርት ስለማይለቅ ቅርጹን ለቀናት ጠብቆ ይቆያል፤ ከተለጠጠ በኋላም ከ99 በመቶ በላይ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሆኖም በተፈጥሮው ውኃን የሚሸሽ ስለሆነ እርጥብ በሆነ ገጽ ላይ በሚገባ አይዘረጋም። ከዚህም በላይ አጠንካሪው ቅመም ፕላቲነም በመሆኑ ከላቴክስ ጓንት የሚመጣ ጥቂት ሰልፈር ሥራውን ያሰናክልበታል፤ ጓንት የነካው ሊጥ በጥርሱ ዙሪያ ሳይጠነክር ይቀራል። ኬሚስትሪ በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚቀር ትምህርት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስህተት ስህተትን ሲያርም

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ሲሊኮኑ በአፍ ውስጥ ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ ከአፍ ወጥቶ 23 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ በ14 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የዚህ ቁስ ርዝመት በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 200 ያህል እጅ ይለወጣል ብለን ብንወስድ፣ 10 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ጥርስ ለውጡ 0.028 ሚሊሜትር ወይም 28 ማይክሮሜትር ይሆናል። ቁሱ በትሪው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚገኝ የሚኮማተረው ወደ ግድግዳው ነው፤ በመሆኑም በመካከል ያለው ጎድጓዳ ይሰፋል እንጂ አይጠብብም። ቀጥሎ የሚፈስሰው ጄሶ በበኩሉ ሲጠነክር ይሰፋል፤ ስፋቱ 0.1 በመቶ ቢሆን ሌላ 10 ማይክሮሜትር ይጨምራል። በዚህ ቅጂ ላይ የሚቀልጠው የወርቅ ቅይጥ ደግሞ ሲቀዘቅዝ 1.5 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ይህም በ10 ሚሊሜትር 150 ማይክሮሜትር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ተደምረው ሥራውን ሁሉ ያበላሹት ነበር፤ ነገር ግን አያበላሹትም። ምክንያቱም አቅጣጫቸው የታወቀ ነው። ብረቱ የሚፈስስበት ሙቀት ተቋቋሚ ሻጋታ ብረቱ የሚኮማተረውን ያህል አስቀድሞ እንዲሰፋ ተደርጎ ይቀመማል። በቅጂው ላይም ለሲሚንቱ ቦታ የሚተው ስስ ቀለም ይቀባል። ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መስቀል ሠሪዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ቅርጹን በሰም ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በማስወጣት በቦታው ብረት ሲያፈስሱ ኖረዋል። ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ1907 (እ.ኤ.አ.) ለሙያ ባልደረቦቹ ያስተዋወቀው ዘዴም በመሠረቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪ ታላቅ ትምህርት አለ። የስህተት ዓይነት ሁለት ነው። አንደኛው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚመጣ፣ መጠኑ የሚታወቅ ስህተት ነው፤ ይህንን በተቃራኒ ስህተት ማመዛዘን ይቻላል። ሁለተኛው በዘፈቀደ የሚከሰት ነው፦ የአየር አረፋ፣ የደም ጠብታ፣ የተቀደደ የሲሊኮን ጠርዝ፣ ቁሱ ሳይጠነክር የተንቀሳቀሰ ትሪ። ይህንን ምንም ዓይነት ቀመር ሊያመዛዝነው አይችልም። ማረሚያው አንድ ብቻ ነው፤ ልኩን ጥሎ እንደገና መውሰድ።

አሥር ማይክሮሜትር እንዴት ዘጠና አምስት ይሆናል?

«ጥቂት ማይክሮሜትር ምን ያመጣል?» የሚል አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። የተሞረደው ጥርስ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ጉቶ ነው። ክራውኑ ከላይ ወደ ታች እንዲገባ ግድግዳዎቹ በመጠኑ ማዘንበል አለባቸው፤ እያንዳንዱ ግድግዳ በ6 ዲግሪ አዘነበለ እንበል። አሁን ክራውኑ በእያንዳንዱ ጎን በ10 ማይክሮሜትር ብቻ ጠባብ ሆኖ ተሠራ። ይህ ቆብ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ በመንገድ ላይ ይቆማል። የሚቆምበትን ከፍታ ለማግኘት 10ን ለ6 ዲግሪ ታንጀንት ማካፈል ነው፤ ታንጀንቱ 0.105 ስለሆነ መልሱ 95 ማይክሮሜትር ያህል ይሆናል። በጎን የተፈጸመችው ትንሽ ስህተት በጠርዙ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ሆና ትታያለች። ስለዚህም ነው የልኩ ዕቃ የሆነው ፕላስቲክ ትሪ በጠንካራ ሊጥ ተገፍቶ ጥቂት ተለጥጦ ሲወጣ መመለሱ ሐኪሞችን የሚያሳስበው፤ በዓይን የማይታይ መመለስ ቅጂውን ያጠብበዋልና።

ታዲያ ስንት ማይክሮሜትር ይፈቀዳል? ማክሊን እና ፎን ፍራውንሆፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከ1000 በላይ ሥራዎችን በአምስት ዓመታት ውስጥ መርምረው በተግባር ሊታገሡት የሚገባው የመጨረሻ ክፍተት 120 ማይክሮሜትር መሆኑን ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር በየጽሑፉ ይጠቀሳል። እኛ ግን አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። 120 ማይክሮሜትር ባክቴሪያ የሚያቆም ወሰን አይደለም፤ የሰው እጅ በተግባር ሊደርስበት የሚችለውን የሚያሳይ ወሰን ነው። በርካታ ክራውኖች ከዚህ በሚሰፋ ክፍተት ሳይበላሹ እንደሚኖሩ፣ የታካሚው ንጽሕናና አመጋገብም ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አንክድም። ነገር ግን «ሌላውም ምክንያት ይሆናል» የሚለው አባባል ልኩን ችላ ለማለት ፈቃድ ሊሆን አይገባም። የታካሚውን ጥርስ ብሩሽ አያያዝ ሐኪሙ አያዝበትም፤ ልኩ ግን በእጁ ነው።

በድዱ ሥር ያለው ጨለማ

ዓለም አቀፉ የጥራት ደረጃ ስሱ ሲሊኮን 20 ማይክሮሜትር ስፋት ያለውን መስመር እንዲቀዳ ይጠይቃል። ከጄሶው የሚጠይቀው 50 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሲሊኮኑ ከሚቀበለው ጄሶ የላቀ ሆኗል ማለት ነው። ሰንሰለት ደግሞ የሚበጠሰው በሰለለችው ቀለበቱ ነው። ነገር ግን የምንናገርለት ሰንሰለት ሰላላ ቀለበቱ ሲሊኮንም ጄሶም አይደለም፤ ጠርዙ ራሱ ነው።

የክራውኑ ጠርዝ የሚያርፍበት መስመር ብዙውን ጊዜ ከድዱ ጫፍ በታች ይገኛል። አንዳንዴ መበስበሱ እስከዚያ ስለወረደ፣ አንዳንዴ ደግሞ የብረቱ መስመር እንዳይታይ ስለተፈለገ ነው። በጥርሱና በድዱ መካከል ያለችው ጠባብ ሸለቆ እርጥብ ናት፤ በተሞረደ ጊዜም ትደማለች። ሐኪሙ በመድኃኒት የተነከረ ቀጭን ክር በሸለቆዋ ውስጥ ጠቅጥቆ ድዱን ለጥቂት ደቂቃ ገለል ያደርገዋል። ክሩ ሲወጣ ሸለቆዋ ወዲያው መዘጋት ትጀምራለች። የገባው ሲሊኮን ሲወጣ ሳይቀደድ እንዲቀር ሸለቆዋ ቢያንስ 0.2 ሚሊሜትር ያህል መከፈት ይኖርባታል። ከዚህ ከጠበበች ሲሊኮኑ እንደ ስስ ወረቀት ሆኖ ይቀደዳል፤ ደም ካለ ደግሞ ውኃ የሚሸሸው ሲሊኮን ከጠርዙ ርቆ ይቆማል። ውጤቱ አንድ ነው፦ በልኩ ላይ ጠርዙ የለም።

ጠርዙ ያልታየበት ልክ ወደ ክራውን ሠሪው ሲደርስ ምን ይሆናል? ሠሪው ሁለት ምርጫ አለው፤ ልኩን መመለስ ወይም ጠርዙ የት እንደነበረ መገመት። ስንቱ ይመልሳል? በእስራኤል ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ለድልድይ ጥርስ ሥራ ወደ 11 ቤተ ሙከራዎች የተላኩ 193 ልኮችን መርምሮ በ89 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ የሚታይ ጉድለት አግኝቷል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት 1157 ልኮችን ተመልክቶ በ86 በመቶው ላይ ጉድለት፣ በ55 በመቶው ላይም በጠርዙ መስመር ላይ የደረሰ ጉድለት መኖሩን ገልጿል። እነዚህ አገሮች የቁስም ሆነ የባለሙያ እጥረት የሚነገርባቸው አይደሉም። ልብ እንበል፤ ጉድለቶቹ የታዩት ልኩ ተወስዶ፣ አስፈላጊውን ሁሉ ያሟላል ተብሎ ከተላከ በኋላ ነው። ችግሩ አለማየት ብቻ ሳይሆን እያዩ ማለፍም ነው።

ብርሃን ሁሉን አያይም

«ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን? በካሜራ ማንሣት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይቻላል። ፍራንሷ ዱሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በመመረቂያ ጽሑፉ የጥርስን ልክ በብርሃን የመውሰድን ሐሳብ አቀረበ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቬርነር ሞርማን እና ማርኮ ብራንደስቲኒ ያበለጸጉት ሴሬክ የተባለ መሣሪያ ደግሞ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን የጥርስ ሙሌት በአንድ ቀጠሮ ሠርቶ ለታካሚ አስገባ። ዛሬ በአፍ ውስጥ የሚገቡ ስካነሮች የጥርስን ቅርጽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በኮምፒዩተር ላይ ያሳያሉ። ለአንድ ክራውን ከሆነ የሚገኘው መግጠም በመልካም ሲሊኮን ከሚገኘው ጋር እንደሚስተካከል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚያቅለሸልሽ ሊጥ መቅረቱም ለታካሚው ትልቅ እፎይታ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ሐኪሙ ጠርዙን በሰሌዳው ላይ አጉልቶ ወዲያው ያየዋል።

ነገር ግን ብርሃን በቀጥታ መስመር የሚጓዝ ነው። ሲሊኮን በግፊት ወደ ሸለቆዋ ሊገባ ይችላል፤ ብርሃን ግን ድድን ገፍቶ አያልፍም። ደምና ምራቅ የሸፈኑትን ጠርዝ ካሜራው አያየውም፤ የሚያየው የደሙን ገጽ ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ የጎደለውን ቦታ በግምት ሞልቶ ለስላሳ አድርጎ ያቀርበዋል። የተቀደደ ሲሊኮን መቀደዱን ይናገራል፤ የተሞላ ሥዕል ግን ጉድለቱን ይሸሽጋል። ረጅም የጥርስ ረድፍ ሲነሣም ብዙ ትንንሽ ሥዕሎች እየተጋጠሙ ስለሚሄዱ የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ስህተት ይከማቻል። ከዚያም ክራውኑን ከድፍን ሴራሚክ የሚፈልፍለው መቁረጫ ከራሱ ጫፍ የሚጠብብ ማዕዘን ሊቀርጽ አይችልም። ዚርኮኒያው ሲጋገር በ20 በመቶ ያህል ስለሚኮማተር አስቀድሞ አግዝፎ መፈልፈል ግድ ነው። የወርቁ ሻጋታ ትምህርት በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በመሆኑም ስካነሩን አንቃወምም። የምንቃወመው ስካነር መግዛት ልክ የመውሰድን ችግር ይፈታል የሚለውን እምነት ነው። ደረቅ፣ ንጹሕና የሚታይ ጠርዝ ሲሊኮኑም ካሜራውም በእኩል የሚጠይቁት ነገር ነው። ይህን ማዘጋጀት የማይችል እጅ በሁለቱም ይሳሳታል፤ የሚችል እጅ ደግሞ በሁለቱም ይሳካለታል።

ለእኛ ምን ይሻለናል?

በአገራችን የልክ መውሰጃ ቁሶች በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ጉድለት ያለበትን ልክ ለመጣል እጁ ቢከብድበት ምክንያቱን እንረዳለን። ታካሚውም ከሩቅ መጥቶ፣ ከሥራው ተስተጓጉሎ፣ አፉ ደንዝዞ ሲቀመጥ «እንደገና እንውሰድ» ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም ሒሳቡ በቅንነት ይሠራ። የሁለተኛው ልክ ዋጋ ጥቂት ሲሊኮንና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የተበላሸው ክራውን ዋጋ ሌላ ክራውን፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ባስ ሲልም ጥርሱ ራሱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ በጥድፊያ የተወሰደ ልክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወለዱን ያስከፍላል።

የአየር ንብረታችንም የራሱ ጥያቄ አለው። ኬሚካዊ ውሕደት በሙቀት ስለሚፋጠን ሲሊኮን በድሬዳዋ በመሰለ ሞቃት ከተማ ከአዲስ አበባ ይልቅ ቶሎ ይጠነክራል፤ በአምራቹ ወረቀት ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሁሉ ለሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። አዲሽን ሲሊኮንን አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ማቆየት የሥራ ጊዜውን ያራዝመዋል። አልጂኔት ደግሞ በደረቅ አየር ፈጥኖ ውኃውን ስለሚያጣ፣ ጄሶ ሳይፈስስበት ከከተማ ወደ ከተማ በአውቶቡስ መላኩ ፈጽሞ የማይመከር ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ሊለመዱ ይገባል። አንደኛ፣ ማንኛውም ልክ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአጉሊ መነጽር ይመርመር፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ካልታየ ይጣል። ከስካነር ዋጋ በፊት የአጉሊ መነጽር ዋጋ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ክራውን ሠሪው ጉድለት ያለበትን ልክ የመመለስ መብት ይኑረው፤ መመለሱም እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሙያ ግዴታ ይቆጠር። ዛሬ ሠሪው ሐኪሙን ደንበኛዬ ብሎ ስለሚፈራ ይገምታል፤ ግምቱን የሚከፍለው ግን በክፍሉ ውስጥ የሌለው ሦስተኛ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ውበት ግድ ካላለ በስተቀር የክራውኑ ጠርዝ ከድዱ በላይ ይቀመጥ። ሊታይ የሚችል ጠርዝ ይለካል፤ ይጸዳል፤ ከዓመታት በኋላም ይመረመራል።

የሳይንስ ተማሪዎችስ? «ይህ የጥርስ ሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብለው እንዳያልፉት እንመክራለን። የቁሶች መኮማተር የፊዚክስ፣ የመጠንከር ፍጥነት የኬሚስትሪ፣ የስህተት አቆጣጠር የስታቲስቲክስ ጥያቄ ነው። ጥቂት አልጂኔት በውኃ ለውሰው የአንድ ሳንቲምን ልክ ይውሰዱ፤ የጎድጓዳውን ስፋት በቨርኒየር ካሊፐር ወዲያው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላና በማግሥቱ ይለኩ። ሌላውን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያወዳድሩ። ከዚህ ቀላል ሙከራ የሚገኘው ሰንጠረዥ ብዙ ገጽ ካለው መጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምር ይሆናል። የፋኩልቲዎቻችን ቤተ ሙከራዎችና የጥርስ ሕክምና ትምህርት ክፍሎች ተገናኝተው በየከተማው ሙቀትና እርጥበት የሚሠራውን የጊዜ ሰሌዳ ቢያዘጋጁ ደግሞ ውጤቱ በየክሊኒኩ የሚያገለግል ይሆናል።

ታካሚም ለመጠየቅ አይፈር። «የጥርሴ ጠርዝ በልኩ ላይ ዙሪያውን ታየ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል። መልካም ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም፤ ልኩን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያሳያል። ጥርሱን ለሞረድ አሳልፎ የሰጠ ሰው ይህን ያህል ማየት ይገባዋል።